ከውቅያኖስ እስከ ቀበሌ፦ የዝናብ ዕውቀት በመንገድ እንዳይቀር

ከመካነ ሰላም ከተማ ጥግ ቆሞ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ሰው ምድሩ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲገባ ያያል። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ቢመልስ ደግሞ ወደ ለጋምቦ ደጋ የሚያወጣው አገር ይገጥመዋል። በዚህም ሆነ በዚያ በኩል ባሕር የሚባል ነገር አይታይም። የቦረና፣ የወግዲ፣ የከላላ፣ የሳይንትና የለጋምቦ ነዋሪ አብዛኛው ባሕርን በዓይኑ ሳያይ ይኖራል። ሆኖም ግንቦት ሲያልቅ ሰማዩን ቀና ብሎ የሚመረምረው ገበሬ፣ የእህል ዋጋ ከሳምንት ወደ ሳምንት ሲንር ደመወዙ የሚያጥርበት ሠራተኛ፣ በቀበሌው የተቸገረውን ጎረቤት የሚመዘግበው የነዋሪዎች ማኅበር አባል ሁሉ፣ ቢያውቁትም ባያውቁትም፣ ኑሯቸው ከሩቅ ውቅያኖሶች ሙቀት ጋር የተሳሰረ ነው። ዛሬ ልንወያይበት የፈለግነውም ይህ ትስስር እንዴት እንደሚታወቅ፣ ዕውቀቱስ ከባሕር ተነሥቶ እስከ ቀበሌ እንዴት እንደሚደርስ፣ የት ላይስ ተቋርጦ እንደሚቀር ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ስለዚህ ጉዳይ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ሲንጸባረቁ ይሰማል። አንደኛው፣ «የባሕር በር ለሌለውና የዕለት እንጀራውን ገና ላላሟላ ሕዝብ ስለ ሳተላይትና ስለ ውቅያኖስ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ መስሎ የሚታየው ነው፤ «ሳይንስ መጥቋል፤ ሳተላይት ሁሉን ከላይ ያያል፤ የሚመጣውን ይነግሩናል፤ የኛ ድርሻ መጠበቅ ነው» ይላል። ሁለቱ በአነጋገር ቢለያዩም መድረሻቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ሕዝቡን በገዛ ጉዳዩ ላይ ተመልካች ያደርጉታል። የኛ አቋም ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከላይ የሚያይ ዓይን ከታች የሚነካ እጅ ከሌለው ይታለላል፤ ከታች የሚነካው እጅም ያገኘውን እውነት ለባለጉዳዩ ካላደረሰ በከንቱ ይደክማል። ይህን በቃል ብቻ ሳይሆን በተጨባጭ ታሪክ ማሳየት ይቻላል።

እንደሚታወቀው የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ዋናውን ዝናብ የሚያገኙት ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ነው። በወሎ ደጋ ደግሞ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው የበልግ ዝናብ ለገብስ አራሹ የዓመት ቀለቡ ነው። ዝናቡን ያዘለው እርጥበት ከሕንድ ውቅያኖስና ከአትላንቲክ በኩል በነፋስ ተጭኖ ይመጣል። የነፋሱን መንገድና ጉልበት ከሚወስኑት ነገሮች መካከል ዋነኛው የባሕር ገጽ ሙቀት ነው። ከእኛ እጅግ ርቆ በሚገኘው በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በምድር ወገብ አካባቢ፣ በመካከሉና በምሥራቁ ያለው ውሃ ከልማዱ በላይ ሲሞቅ ኤል ኒኞ ይባላል። ይህ በሚሆንበት ጊዜ የዓለም የአየር ዝውውር ይዛባል፤ በሰሜንና በመካከለኛው አገራችን የክረምቱ ዝናብ የመቀነስ ዕድሉ ይጨምራል። በአንጻሩ ያው ውሃ ከልማዱ በታች ሲቀዘቅዝ፣ ማለትም ላ ኒኛ ሲሆን፣ ክረምቱ የመበርታት ዕድል አለው። ይህ ዕድል እንጂ የተቆረጠ ፍርድ አይደለም። የሕንድና የአትላንቲክ ውቅያኖሶች ሙቀትም የየራሱ ድርሻ አለው። ቢሆንም በፔሩ ዳርቻ ያለ ዓሣ አጥማጅ የሚያውቀው የውሃ ሙቀት የቦረናን ጤፍ ይነካል ቢባል ተረት አይደለም።

ይህን ዕውቀት የሰው ልጅ በቀላሉ አላገኘውም። በመጋቢት 1974 ዓ.ም. ኤል ቺቾን የተባለው የሜክሲኮ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ወደ ሰማይ የረጨው ጭጋግ ከፍ ብሎ ምድርን ዞረ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ጀመረ። የባሕሩን ሙቀት ከሰማይ ይለኩ የነበሩት ሳተላይቶች ግን ጭጋጉ በመካከል ስለ ገባባቸው ውሃውን ከእውነቱ ይልቅ ቀዝቃዛ አድርገው አሳዩ። በስፍራው ያለፉ መርከቦች ውሃው መሞቁን ለክተው የላኩት መረጃ ደግሞ፣ ከተለመደው እጅግ የራቀ በመሆኑ ስሕተት ነው ተብሎ በማጣሪያው ስሌት ከመዝገብ ተጣለ። በዚህም የተነሣ በዘመኑ ከታዩት ኃይለኞች አንዱ የሆነው የ1974-75ቱ ኤል ኒኞ ወደ ከፍተኛ ደረጃው እስኪቃረብ ድረስ የዘርፉ ሊቃውንት መኖሩን አላወቁም። ከላይ ያየው ታለለ፤ ከታች የነካው እውነቱን ተናገረ፤ ነገር ግን ሰሚ አላገኘም። ይህ ታሪክ ስለ ባሕር ብቻ የሚናገር ይመስላልን? አይመስለንም።

ከዚህ ውድቀት ትምህርት ተወሰደ። ከ1977 እስከ 1987 ዓ.ም. ድረስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ምርምር፣ በአሜሪካ፣ በጃፓን፣ በፈረንሳይና በሌሎችም አገሮች ትብብር፣ በፓስፊክ ምድር ወገብ ግራና ቀኝ 70 ያህል መልሕቅ የተጣለባቸው ተንሳፋፊ መሣሪያዎች ተተከሉ። እነዚህ መሣሪያዎች ከውሃው በላይ ነፋሱንና የአየሩን ሙቀት፣ ከውሃው በታች ደግሞ እስከ 500 ሜትር ጥልቀት ያለውን ሙቀት ይለካሉ። ነገር ግን በውቅያኖስ መካከል የተለካ ቁጥር ሰው ወዳለበት እንዴት ይድረስ? ሽቦ አይዘረጋ፤ መርከብ በየቀኑ አይመላለስ።

መልሱ አርጎስ የሚባለው የሳተላይት ሥርዓት ሆነ። ይህ ሥርዓት በፈረንሳይ የጠፈር ማዕከልና በአሜሪካ የጠፈርና የውቅያኖስ መሥሪያ ቤቶች ስምምነት ተቋቁሞ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1971 ዓ.ም. በመጠቀችው ቲሮስ-ኤን በተባለች ሳተላይት ላይ ተጀመረ። አሠራሩ ለማንኛውም ሠራተኛ ግልጽ ነው። በባሕር ላይ ያለው መሣሪያ በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ የሬዲዮ ማሠራጫ ይሸከማል። በጥቂት ደቂቃዎች ልዩነት ከአንድ ሰኮንድ የማትበልጥ አጭር መልእክት በ401.65 ሜጋኸርዝ ሞገድ ወደ ሰማይ ይልካል። ከምድር 850 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብላ በዋልታዎች በኩል የምትዞረው ሳተላይት በ100 ደቂቃ ገደማ አንድ ዙር ትጨርሳለች። በመንገዷ ያገኘችውን መልእክት ሁሉ እየለቀመች በምድር ላለ ጣቢያ ታወርዳለች።

በተጨማሪም ሥርዓቱ መልእክቱን ብቻ ሳይሆን የላኪውንም ስፍራ ያውቃል። ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚመጣ የጭነት መኪና ጡሩንባውን እየነፋ ሲቀርብ ድምፁ ቀጥኖ፣ አልፎ ሲሄድ ደግሞ ወፍሮ ይሰማል። የሬዲዮውም ሞገድ እንዲሁ ሳተላይቷ ስትቀርብ ከፍ፣ ስትርቅ ዝቅ ይላል። ይህን ክሥተት ኦስትሪያዊው ሊቅ ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 ገልጾታል። ከዚህ ለውጥ ተነሥቶ መሣሪያው በሰፊው ባሕር ላይ የት እንዳለ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ልዩነት ይሰላል። መልሕቅ ሳይኖራቸው ከውሃው ጋር የሚንሳፈፉት መሣሪያዎች ስፍራቸው በመለወጡ ብቻ የባሕሩን ፍሰት አቅጣጫና ፍጥነት ያስታውቃሉ።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ሰፍቷል። ከ1992 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አርጎ በሚባለው ሌላ ዓለም አቀፍ ሥራ በራሳቸው የሚጠልቁና የሚወጡ መሣሪያዎች በየውቅያኖሱ ተጣሉ። እያንዳንዱ በ1,000 ሜትር ጥልቀት ይቆያል፤ በየአሥር ቀኑ እስከ 2,000 ሜትር ይወርዳል፤ ወደ ላይ ሲመለስ የውሃውን ሙቀትና ጨዋማነት እየለካ ይወጣና ያገኘውን ለሳተላይት አስረክቦ እንደገና ይጠልቃል። ቁጥራቸው በ2000 ዓ.ም. 3,000 የደረሰ ሲሆን፣ ዛሬ ወደ 4,000 ይጠጋል። ቀድሞ መልእክታቸው የሚያልፈው በአርጎስ ነበር፤ ዛሬ አብዛኞቹ ብዙ መረጃ በአጭር ጊዜ የሚቀበለውን የኢሪዲየምን ሳተላይቶች ይጠቀማሉ። አርጎስም ቢሆን አላረጀም፤ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. 25 ትናንሽ አዳዲስ ሳተላይቶች ተጨምረውለታል።

እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ የሌሎች ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገናኘን?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ቀላል ነው። ለአየር ትንበያ የሚሰበሰበው መረጃ የአንድ አገር የግል ንብረት ሆኖ አይቀርም፤ በዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት መገናኛ መረብ አማካይነት ለአባል አገሮች ይዳረሳል። በአገራችን ይህን መረጃ ተቀብሎ የሚሠራበት በታኅሣሥ 1973 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤቱ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የበልግንና የክረምትን ዝናብ አስቀድሞ ሲተነብይ ቆይቷል። ለዚህም ሲጠቀምበት የኖረው መንገድ በሁለት ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነው። የዘንድሮው የውቅያኖሶች ሙቀት የትኞቹን ያለፉ ዓመታት ይመስላል? በእነዚያ ዓመታትስ በየአካባቢያችን ምን ያህል ዝናብ ጣለ?

አንባቢያችን ልብ ሊለው የሚገባው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ከባሕር በሳተላይት ይመጣል። የሁለተኛው መልስ ግን ከሰማይ አይወርድም። እንደ መካነ ሰላም ባለ ከተማ የዝናብ መለኪያውን በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከፍቶ፣ የተጠራቀመውን ውሃ በሚሊ ሜትር ለክቶ፣ በመዝገብ ከሚያሰፍር ታዛቢ የሚገኝ ነው። ታዛቢው አንድ ወር መዝገቡን ቢያቋርጥ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተንባይ ያን ወር አጥቶ ይቸገራል። ጦርነት ጣቢያ ሲያዘጋ የሚጠፋው የዚያ ዓመት ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የመጪዎቹ ዓመታት ማነጻጸሪያም ነው። ስለዚህ የፓስፊኩ ተንሳፋፊ መሣሪያና የመካነ ሰላሙ የዝናብ መለኪያ የአንድ ሥራ ሁለት እጆች ናቸው። ያለ አንዱ ሌላው ሙሉ አይሆንም።

ይሁን እንጂ ዕውቀት መኖሩ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ለዚህ ከወሎ የበለጠ ምስክር የለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ የጎደለው የመለኪያ መሣሪያ ብቻ አልነበረም። ረሃቡ በአደባባይ ይታይ ነበር፤ የዘውዱ መንግሥት ግን ሸሸገው፤ በጥቅምት 1966 የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም እስኪያሳየው ድረስ ተድበስብሶ ቆየ። በ1976 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት ወር አደጋውን አስታውቆ ለጋሾችን እህል ጠየቀ። ለጋሾቹ ተጠራጥረው ዘገዩ። መንግሥት በመስከረም 1977 ለሚከበረው የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ዝግጅት ተጠምዶ ነበር። በሰሜኑ ክፍል የነበረው ጦርነትም መንገዱን ዘጋ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። ያን ድርቅ የቀደመው ኤል ኒኞ ብቻ አመጣው ማለት ስሕተት ነው፤ ረሃቡን ድርቁ ብቻ አመጣው ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ ስሕተት ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። በዚያ ዓመት ግን ውሻው አስቀድሞ ጮኾ ነበር፤ ያልተነሣው ባለቤቱ ነው።

ከዚህ ጋር 2007 ዓ.ም.ን ማነጻጸር ይጠቅማል። በዚያ ዓመት የካቲት መጨረሻ ላይ የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት ኤል ኒኞ መጀመሩን አስታወቀ። የበልጉ ዝናብ ከሸፈ፤ ተከትሎ የመጣው ክረምትም በብዙ አካባቢ ደከመ። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ እንደሚያስፈልገው ተገለጸ። ችግሩ ቀላል አልነበረም፤ በአርብቶ አደሩ አገር ከብት አለቀ፤ በብዙ ቦታም ቤተሰብ ጥሪቱን ሸጠ። ሆኖም እንደ 1977ቱ ያለ እልቂት አልደረሰም። ይህ የሳተላይት ብቻ ሥራ ነው አንልም። መንገዱ በዝቶ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲ ኔት ፕሮግራም በየወረዳው ተዘርግቶ ነበር፤ አደጋውም አልተካደም። ማስጠንቀቂያው የሚሄድበት መንገድና የሚቀበለው እጅ ስለ ነበረ ነው የሰው ሕይወት የተረፈው። የሦስቱ ዘመናት ልዩነት የሚያስተምረን ይህን ነው፤ በመጀመሪያው እውነቱ ተሸሸገ፤ በሁለተኛው ተነግሮ ዘገየ፤ በሦስተኛው፣ ከነጉድለቱም ቢሆን፣ ደረሰ።

ገመድ የሚበጠሰው በሳሳበት ነው። ይህም በእኛ አገር ብቻ የሚሆን አይደለም። የፓስፊኩን መሣሪያዎች ይጠግን የነበረው የአሜሪካ መርከብ በ2004 ዓ.ም. ከሥራ ወጣ። ጥገናው ሲጓደል፣ በ2006 ዓ.ም. ከእነዚያ መሣሪያዎች የሚገኘው መረጃ ከግማሽ በታች ወረደ፤ ለዚያውም ታላቁ ኤል ኒኞ ሊመጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ነበር። በኋላ እንደገና ጥገና ተደረገላቸው። በሕንድ ውቅያኖስም እንዲሁ ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ተመሳሳይ መሣሪያዎች መተከል ቢጀምሩም፣ በሶማሊያ ዳርቻ የባሕር ወንበዴዎች በበረቱባቸው ዓመታት የመርከብ ጉዞ ስለ ተገታ፣ ለአፍሪካ ቀንድ ቅርብ የሆነው የባሕሩ ክፍል መሣሪያ ሳያገኝ ቆየ። ከዚህም ሌላ ዓሣ በተንሳፋፊዎቹ ሥር መሰብሰቡን ያዩ አጥማጆች ጀልባቸውን እያሰሩባቸው ይሰብሯቸዋል። አጥማጁ ለዕለት ጉርሱ የሚሰብረው መሣሪያ የማን ገበሬ ተስፋ እንደ ሆነ አያውቅም። ታላቁ ሥራ በታላላቅ ሰዎች ብቻ እንደማይጠበቅ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ታዲያ በመካነ ሰላምና በአካባቢው፣ እንዲሁም በማንኛውም ከተማና ገጠር የሚገኝ የነዋሪዎች ማኅበር አባልና ሠራተኛ ድርሻው ምንድን ነው?

በአንደኛ ደረጃ፣ የወቅቱ ትንበያ በወጣ ጊዜ በሬዲዮ ተነግሮ የሚያልፍ ወሬ ሆኖ መቅረት የለበትም። በቀበሌ ስብሰባ፣ በዕድርና በማኅበር ላይ ሊነበብና ሊብራራ ይገባል። ትንበያው «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» በሚሉ ሦስት ክፍሎች ይነገራል። «ከመደበኛ በታች የመሆኑ ዕድል ያመዝናል» ማለት ዝናብ አይዘንብም ማለት አይደለም፤ ለክፉው መዘጋጀት ይበጃል ማለት ነው። ይህ ሳይብራራ ቀርቶ ትንበያው አንድ ዓመት የሳተ ሲመስል፣ ሕዝቡ በሌላው ዓመት ጆሮውን ይነፍገዋል። በመካነ ሰላም ግቢ ያለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች በዚህ ሥራ ከሕዝቡ ጎን ቢቆሙ ተገቢ ነው። የሰማዩንና የነፋሱን ጠባይ ለዘመናት ያጠኑ ሽማግሌዎችም መደመጥ እንጂ መናቅ የለባቸውም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ዕውቀቱ ወደ ሥራ መለወጥ አለበት። ክረምቱ ይደክማል በተባለ ዓመት ቶሎ የሚደርስ ዘር መምረጥ፣ ውሃ ማቆር፣ የጎተራውን እህል ለገበያ ከማቻኮል መቆጠብ፣ ለድግስ የሚወጣውን መቀነስ፣ አቅመ ደካማውን አስቀድሞ መዝግቦ ማወቅ ያስፈልጋል። የከተማው ሠራተኛም በሸማቾች ማኅበሩ በኩል እህል በወቅቱ እንዲገዛ ማድረግ ይችላል። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ፣ የዝናብ መለኪያው የሕዝብ ንብረት ስለ ሆነ በሕዝብ ይጠበቅ። አጥሩ ሲፈርስ ከብት እንዳይገባበት፣ አጠገቡ የተተከለ ዛፍ አድጎ እንዳይጋርደው፣ ሕፃናት ጠጠር እንዳይጥሉበት መጠንቀቅ ትንሽ ሥራ መስሎ ይታያል። በፓስፊክ ላይ ጀልባውን ከመሣሪያው ጋር ከሚያስረው አጥማጅ የምንለየው ግን በዚህ ነው። ግጭት ቢነሣም ለመለኪያውና ለመዝገቡ ከለላ መስጠት የሁሉም ወገን ግዴታ ሊሆን ይገባል፤ ዝናብ ወገን አይለይምና።

በአራተኛ ደረጃ፣ ጥያቄ በጊዜው ይቅረብ። ትንበያው ክፉ ከሆነ «ለወረዳችን ምን ያህል እህል ተቀምጧል? ማነው ኃላፊው? መንገዱስ በክረምት ያስገባል?» ብሎ መጠየቅ የሚገባው በግንቦት ነው እንጂ ማሳው ከደረቀ በኋላ በጥቅምት አይደለም። የተጠየቀውም የሥራ ኃላፊ ጥያቄውን እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ሥራው መነሻ ሊቀበለው ይገባል።

አገራችን በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሳተላይት ወደ ጠፈር ልካለች፤ በእንጦጦም የመቈጣጠሪያ ጣቢያ አቋቁማለች። ይህ የሚያኮራ ጅምር ነው። ነገር ግን የማናቸውም ሳተላይት ዋጋ የሚለካው በወጣበት ከፍታ ሳይሆን በሚደርስበት ቤት ነው። ከባሕር የተነሣው መልእክት ውቅያኖስን ተሻግሮ፣ 850 ኪሎ ሜትር ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ በአገሮች መካከል ተዘዋውሮ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ፣ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት እስከ ገበሬው ደጅ ያለችውን ጥቂት መንገድ ሳያልፍ ቢቀር ጥፋቱ የባሕሩም የሰማዩም አይሆንም፤ የኛው ነው። ወሎ ለዚህ ጥፋት ከበቂ በላይ ዋጋ ከፍላለች። ስለዚህ ያቺን የመጨረሻዋን መንገድ ክፍት ማድረግ ለነገ የማይባል የሁላችንም ሥራ ነው።